የቴክኖሎጂ የፈረስ ስሞች

(በአዲስ አበባ በአንድ የሕዝብ ትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር። ለኅትመት ሲዘጋጅ በጥቂቱ ታርሟል።)

በሥራ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ የታክሲ ሰልፍ መያዝ ሲገባችሁ ስለ ቃላት የሚያወራ ሰው ለመስማት መጥታችኋል። ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ «ስለ ኢንተርኔት የፈለግኸውን ተናገር» ነበር ያሉኝ። እኔም ማሽኖቹን ለሚያውቋቸው ትቼ ስለ ስሞቻቸው ላወራ መረጥሁ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ባዝወርድ» የሚሉት ነገር አለ። ባዝ የንብ ጥዝዝታ ነው። አንድ ቃል ይነሣል፤ በስብሰባ፣ በጋዜጣ፣ በማስታወቂያ፣ በፕሮጀክት ማመልከቻ ላይ ጥዝ ይላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ድምፁ ይጠፋል። ዛሬ ማታ «የወረት ቃል» እለዋለሁ። ዌብ 2.0፣ ክላውድ፣ ብሎክቼይን፣ ሜታቨርስ የሚሉትን ሁሉ ሰምታችኋል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ እነዚህ ቃላት በቴክኖሎጂው ላይ የመጣውን ለውጥ ለመግለጽ ይጠቅማሉ ወይስ አይጠቅሙም? የሙያው ሰዎች አብዛኞቹ ይንቋቸዋል። እኔም ለብዙ ዓመታት ከናቂዎቹ ጋር ነበርሁ። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። መጀመሪያ ነገሩ ከተሠራ በኋላ ስለመጣ ስም እናገራለሁ፤ ቀጥሎ ግማሽ መንገድ ላይ ስለደረሱ ሁለት ስሞች፤ ከዚያ ነገሩን ቀድመው ስለመጡ ስሞች፤ በመጨረሻ ወደ ራሳችን አፍ እመለሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሬ በፊት ግን ያየሁትን ላጫውታችሁ። በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው የቀሩት ይቀየሙኛል። አንድ ሰዓት ያህል ከተሰለፍን በኋላ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ቀና ብላ «ሲስተም የለም» አለች። ከፊቴ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ነበሩ። «የት ሄደ ልጄ?» አሏት። ሰልፉ ሳቀ። «አይታወቅም አባባ፤ ከሰዓት ይሞክሩ።» «ከሰዓት ይመጣል?» «እሱንም አላውቅም።»

ሁላችንም ወደ ቤታችን ሄድን። ልብ በሉ፤ ማንም አልተከራከረም። «ሲስተም» ማለት የተቆረጠ ገመድ ይሁን፣ የጠፋ መብራት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለ ኮምፒዩተር፣ ወይም የምሳ ሰዓት፣ አላወቅንም። ነገር ግን ምን ማድረግ እንዳለብን ሁላችንም አወቅን። እንግዲህ አንድ ቃል ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ ማስረዳት ነው፣ ሌላው ማግባባት። «ሲስተም የለም» አግባባን እንጂ ምንም አላስረዳንም። የወረት ቃል ላይ የሚነሣው ክርክር ሁሉ እነዚህን ሁለት ሥራዎች ካለመለየት የሚመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስም ልሂድ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት ካፌ ትገቡ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሒሳቡ በደቂቃ ነው። አንድ ነገር በተጫናችሁ ቁጥር ገጹ በሙሉ ነጭ ይሆንና ከላይ ጀምሮ እየተንፏቀቀ እንደገና ይመጣል። ካርታ የሚያሳዩ ድረ ገጾች በተለይ ያበሽቁ ነበር። ወደ ቀኝ ጥቂት ፈቀቅ ለማለት ቀስቷን ትጫናላችሁ፤ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ትጠብቃላችሁ፤ ያው ካርታ ትንሽ ተንሸራቶ ይመለሳል። ምግብ ቤት ተቀምጣችሁ ሚጥሚጣ ብትጠይቁ አስተናጋጁ ሚጥሚጣ ማምጣቱን ትቶ መሶቡን ከፊታችሁ አንሥቶ ጓዳ ቢያስገባው፣ ሚጥሚጣ ጨምሮበትም መልሶ ቢያመጣው ማለት ነው። የዚያን ጊዜው ድረ ገጽ እንደዚያ ያለ አስተናጋጅ ነበር።

መድኃኒቱ ግን ተገኝቶ ነበር። ማይክሮሶፍት የኢሜል አገልግሎቱን በድረ ገጽ ላይ ለማቅረብ ሲል፣ ገጹ ሳይነሣ ከጀርባ ጥቂት መረጃ ብቻ የሚያመላልስ ዘዴ ሠራ፤ በ1999 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ውስጥም አስገባው። ስሙን ልንገራችሁና ፍረዱ፤ ኤክስ ኤም ኤል ኤች ቲ ቲ ፒ። ይህን ስም ሰምቶ ማን ይነቃቃል? ዘዴው ለዓመታት ከጥቂት ባለሙያዎች በቀር ማንም ሳያውቀው ኖረ። በሚያዝያ 2004 ጂሜል ወጣ፤ በየካቲት 2005 ደግሞ ጉግል ማፕስ። ካርታውን በማውስ እንደ ጨርቅ መጎተት ተቻለ፤ ገጹም ነጭ አይሆንም። ሰው «እንዴት አድርገውት ነው?» ማለት ጀመረ።

ካርታው ከወጣ አሥር ቀን በኋላ፣ የካቲት 18 ቀን 2005፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሠራ ጄሲ ጄምስ ጋሬት የሚባል ንድፍ አውጪ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ የእነዚህን ዘዴዎች ስብስብም «ኤጃክስ» ብሎ ሰየመው። እሱ ራሱ እንደተናገረው ለደንበኞቹ ሲያስረዳ የሚጠቀምበት አጭር ቃል ፈልጎ ነበር፤ ቃሉም የመጣለት ሻወር እየወሰደ ሳለ ነው። እኛ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። የዚህኛውን ስም መልአክ በሻወር ቤት አገኘው ማለት ነው።

ጋሬት አንድም አዲስ ነገር አልፈጠረም። ፕሮግራመሮች ወዲያው «ይህማ የቆየ ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከስሙ በኋላ የሆነውን ግን ተመልከቱ። መጽሐፍ በዚያ ስም ታተመ። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ኤጃክስ የሚችል» ተባለ። ከዚያ በፊት አንድ ወጣት ፕሮግራመር አለቃው ዘንድ ገብቶ ያን ረጅም የፊደል ሰንሰለት ቢዘረዝርለት አለቃው ሰዓቱን ያያል። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል በቃችው። ሊጠየቅ፣ ሊታዘዝ፣ በጀት ሊያዝለት የማይችል የነበረ ነገር በስሙ ምክንያት የሚጠየቅና የሚታዘዝ ሆነ። ዛሬ «ኤጃክስ» የሚል ሰው ብዙም አትሰሙም፤ ዘዴው የተለመደ ነገር ሆኗልና። ዛሬ አብዛኛው ገጽ ከጀርባው የሚያመላልስ ነው። ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ «እርጥብ ነኝ» አይልም። ወረቱ ስላለፈ ቃሉ ከንቱ ነበር የሚሉኝ ሰዎች ይህን ይረሱታል።

አሁን ግማሽ መንገድ ላይ ወደደረሱት ሁለት ስሞች ልለፍ። እንደምታውቁት በዚህ አገር መሳፍንትና ነገሥታት የፈረስ ስም ነበራቸው። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»። የፈረስ ስም የክርስትና ስም አይደለም፤ ሰውዬው ማን እንደሆነ ከመንገሩ ይልቅ በፉከራ ሰዓት ምን ሊያደርግ እንደተነሣ ያውጃል። «ታጠቅ» ራሱ ትእዛዝ ነው። «ዌብ 2.0»ን ሳስብ ሁልጊዜ የፈረስ ስም ይታየኛል።

ቃሉን መጀመሪያ በጽሑፍ የተጠቀመችበት ዳርሲ ዲኑቺ የምትባል ጸሐፊ ናት፤ በ1999። ድር ከኮምፒዩተር ወጥቶ በስልኩም በቴሌቪዥኑም ላይ እንደሚበታተን የሚናገር ድንቅ ጽሑፍ ነበር። ማንም አልሰማትም። ሰዓቱ አልነበረም፤ ያኔ የኢንተርኔት ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ እየወጣ ስለነበር ታጠቁ ብሎ ማነቃቃት አያስፈልግም ነበር። በመጋቢት 2000 ናስዳክ የሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ኢንዴክስ ከ5,000 በላይ ደረሰ፤ በ2002 መጸው ግን ከ1,200 በታች ወርዶ ነበር። ቢሮዎች ባዶ ቀሩ፤ ብዙ ሰው ድር አለቀለት አለ። ያን ጊዜ በኦራይሊ አሳታሚ ድርጅት የሚሠራው ዴል ዶርቲ ለአንድ ጉባኤ ስም ሲፈለግ ያንኑ ስያሜ አነሣ። ጉባኤው በጥቅምት 2004 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተደረገ። «2.0» ማለት «አልሞትንም፤ ሁለተኛው ዙር ነው» ማለት ነበር። አባ ታጠቅ!

ከዓመት በኋላ የድርጅቱ መሥራች ቲም ኦራይሊ ረጅም ጽሑፍ ጽፎ ቃሉን ሊተረጉም ሞከረ። ቀጥተኛ ፍቺ ሳይሰጥ የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ እዚያ ብሪታኒካ፣ እዚህ ዊኪፒዲያ፤ እዚያ የግል ድረ ገጽ፣ እዚህ ብሎግ። ሰር ቲም በርነርስ-ሊ፣ ድርን የፈጠሩት ሰው፣ በ2006 ሲጠየቁ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ማንም የማያውቀው ነው ብለው አጣጣሉት። እሳቸው እንዳሉት ድር ከመጀመሪያውም ሰዎች እንዲገናኙበት የታሰበ ነው፤ በ1990 የሠሩት የመጀመሪያው ብራውዘር ገጽ ለማንበብ ብቻ ሳይሆን ለመጻፍም ያገለግል ነበር።

እኚህን ሰው መቃወም ይከብዳል፤ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ስለ ማሽኑ ትክክል ናቸው። የተለወጠው ግን ማሽኑ አልነበረም። ኮድ የማያውቅ፣ ሰርቨር የማይከራይ፣ ያነሣውን ፎቶ ለዘመዶቹ ማሳየት ብቻ የሚፈልግ ሰው በድር ላይ መጻፍ ጀመረ። ፍሊከር በ2004፣ ፌስቡክ በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005። ጓዳው ያው ጓዳ ነው፤ ወጥ የሚሠራው ሰው ግን ተለወጠ። ይህን ለውጥ በመሐንዲስ ቋንቋ ብትፈልጉት አታገኙትም። ስለዚህ «ዌብ 2.0» ምን ማለት ነው ለሚለው ጥያቄ ደካማ መልስ ነው፤ ምን ሆነ ለሚለው ግን ጥሩ መልስ ነው።

«ክላውድ»፣ ማለትም «ደመና»፣ የሚለውም ከዚሁ ጎራ ነው፤ ታሪኩ ግን ለየት ይላል። የኔትወርክ መሐንዲሶች ሥዕል ሲሥሉ ውስጡን ማወቅ የማያስፈልጋቸውን ክፍል በደመና ቅርጽ ያስቀምጡት ነበር። ደመናው «እዚህ ውስጥ ያለው የእኔ ጭንቀት አይደለም» ማለት ነው። አያችሁ? ቃሉ ከመነሻው የተፈጠረው ለመሸፈን ነው። በነሐሴ 2006 የጉግል ኃላፊ የነበሩት ኤሪክ ሽሚት በአንድ ጉባኤ ላይ ተናገሩት፤ በዚያው ወር አማዞን ኮምፒዩተር በሰዓት ማከራየት ጀመረ። ዴል የተባለው ኩባንያ «ክላውድ ኮምፒዩቲንግ» የሚለውን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሞክሮ በ2008 በአሜሪካ መንግሥት ተከልክሏል፤ ደመና የማንም አይደለም። የኦራክል መሪ ላሪ ኤሊሰን በዚያው ዓመት የኮምፒዩተር ሥራ ከሴቶች ፋሽን ይልቅ በፋሽን የሚነዳ ሆኗል ብለው ተሳለቁ። ዛሬ ኦራክል ራሱ ክላውድ ሻጭ ነው።

ለነጋዴ ደመናው ጠቃሚ ነው። በኢንተርኔት ሱቅ ለመክፈት ሰርቨር መግዛት፣ ጄኔሬተርና ማቀዝቀዣ ማዘጋጀት ቀርቶለት በወር እየከፈለ ይሠራል። ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ጋር አንድ ነው። የመስኮቷ ልጅ «ሲስተም» ስትል የሸፈነችውን ያህል ይሸፍናል። ፎቶዎቻችን ሰማይ ላይ አይደሉም፤ የሆነ አገር ውስጥ፣ የሆነ ሕግ ሥር፣ ኤሌክትሪክ የሚበላ ግንብ ቤት ውስጥ ናቸው። ደግሞም ለአማርኛ ጆሮ ደመና ሌላ ነው። ገበሬ በሰኔ ሲያየው ተስፋ ነው፤ ከተሜው «ፊቱ ደመነ» ሲል ግን ደስ አይልም። እናቴ ስልኳ ሲበላሽ ፎቶዎቿ ደመና ላይ እንዳሉ ነገርኋት። «እንግዲህ እስኪያባራ ልጠብቅ» አለችኝ። እየቀለደች መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሦስተኛው ክፍል አጭር ነው፤ ብዙ ክብር አይገባውምና። እስካሁን ያየናቸው ስሞች የገነኑት ነገሩ ካለ ወይም ከተጀመረ በኋላ ነው። ስሙ ሲቀድምስ? ሦስት የፋይናንስ ተመራማሪዎች በ1998 እና 1999 ስማቸው ላይ «ዶት ኮም» የጨመሩ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አጥንተው ነበር። ለውጡ በታወጀበት አካባቢ ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ የአክሲዮኖቹ ዋጋ ከገበያው በላይ 74 በመቶ ያህል ጨምሯል፤ ኩባንያው ከኢንተርኔት ሥራ ይኑረው አይኑረው ልዩነት አላመጣም። ሰው ግን ተምሮ ይሆን? በታኅሣሥ 2017 ቀዝቃዛ ሻይ የሚሸጥ «ሎንግ አይላንድ አይስድ ቲ» የሚባል ኩባንያ ስሙን «ሎንግ ብሎክቼይን» ብሎ ቀየረ። የሚሸጠው ሻይ ነበር። ብሎክቼይን፣ ማለትም ክሪፕቶ ገንዘብ የሚመዘገብበት ቴክኖሎጂ፣ አልነበረውም፤ ዕቅድ ብቻ ነበር። የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ። በቀጣዩ ዓመት ከናስዳክ ተሰረዘ። የፌስቡክ ኩባንያም በጥቅምት 2021 ሜታቨርስ የሚባለውን ምናባዊ ዓለም ተስፋ አድርጎ «ሜታ» ተባለ፤ «ሜታቨርስ» የሚለው ቃል የተገኘው በ1992 ከታተመ ልብ ወለድ ነው፤ ሰው የሚኖርበት ሜታቨርስ ግን አልነበረም። ፈረስ ሳይኖረው የፈረስ ስም ያወጣ ሰው በአገራችን መሳቂያ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በእኔ ግምት ለአማርኛ አንባቢ በኢንተርኔት ታሪክ ውስጥ የደረሰው ትልቁ ለውጥ ጉባኤም ፉከራም አልነበረውም። በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ 3.0 ገባ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በራሱ ቁጥር ይደረድር ነበር። በአንዱ የጻፋችሁትን ደብዳቤ በሌላው ስትከፍቱት የዶሮ ጭረት ይሆናል። የአማርኛ ድረ ገጾች «መጀመሪያ ፎንቱን ጫኑ» ይሉ ነበር፤ ወይም ጽሑፉን እንደ ፎቶ ያወጡት ነበር። እንደ ፎቶ የወጣ ጽሑፍ ደግሞ ተፈልጎ አይገኝም። ዩኒኮድ ለ«ሀ» አንድ ቁጥር ሰጣት፤ በአሥራ ስድስትዮሽ አቆጣጠር 1200። አዲስ አበባም፣ ዋሺንግተንም፣ ቴል አቪቭም ያለ ስልክ ያቺኑ ቁጥር ያነባል። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የሚባል የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ በቴሌግራም በአማርኛ የምትጽፉት ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ግን ስንቶቻችሁ ነበራችሁ በ1999 «ዘመን ተለወጠ» ያላችሁ? የወረት ቃል አልነበረውማ። ሌሎች ያወጡትን ስም ብቻ የሚያዳምጥ ሰው የሌሎችን ለውጥ ብቻ ያያል።

ስም ማውጣት ግን አላቃተንም። «ዳታ አብራ» የሚለውን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ዳታዬ አልቋል»፣ «ዳታህን አጥፋ፣ ይበላብሃል»። እንግሊዝኛው ዳታ በመሠረቱ መረጃ ነው፤ የኛው ዳታ ግን እንደ ኩራዝ የሚበራና የሚጠፋ፣ እንደ ጋዝ እየተለካ የሚገዛ ነገር ነው። ቃሉን በዚህ መልክ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ጉባኤ አልተጠራበትም። ኢንተርኔት ከካፌ ወጥቶ ኪስ ውስጥ እንደገባ፣ በሜጋባይትም እንደሚከፈልበት ከዚህ ቃል የተሻለ የሚናገር የለም። ይህ ለውጡን የሚያስረዳም የሚያግባባም ቃል ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ግን አለ። አሁን ጥዝ የሚለውን ቃል፣ «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ»ን፣ ስንተረጉም «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ብለነዋል። የእንግሊዝኛውን ስም ተመራማሪው ጆን ማካርቲና ጓደኞቹ በ1955 ለአንድ የምርምር ዐውደ ጥናት ገንዘብ ሲጠይቁ ያወጡት ነው፤ እሱም የፈረስ ስም ነበር። የአማርኛው ግን ከዚያም ይከብዳል። በአማርኛ አስተዋይ የምንለው ፈጥኖ የሚያሰላውን አይደለም፤ የሚያደምጠውን፣ ነገር የሚያበርደውን፣ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጠውን ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ለማሽኑ ብልጠት ሲሰጡት እኛ ማስተዋልን ጨምረንለታል። ገና በወጉ ያላወቅነውን እንግዳ የሽምግልና ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ቃሉ ሥር ሰዷል፤ አሁን ይነቀል አልልም። ግን በችኰላ የወጣ ስም እንደሆነ ይታወቅልኝ።

ታዳሚዎቼ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ደብተር ይዤ እዞራለሁ። ሰዎች በየመስኮቱ፣ በሞባይል ጥገና ቤት፣ በታክሲ ውስጥ ስለ ኢንተርኔት የሚሉትን እጽፍበታለሁ። «ዳታ ማብራት» አንደኛው ገጽ ላይ ነው፤ «ሲስተም የለም» ሁለተኛው ላይ። በየሰፈራችሁ የሰማችሁት፣ ሌላ ቦታ ያልሰማችሁት ቃል ካለ አትሂዱብኝ። ስትወጡ በሩ አጠገብ እቆማለሁ፤ ደብተሩም እስክሪብቶውም እጄ ላይ ናቸው።